ስምንተኛው

የካ አባዶ፣ አምስተኛ ፎቅ፣ ሊፍት ያልገባለት ብሎክ ነው፤
ነፋስ ከገብሱ ማሳ እየመጣ መስኮቴን የሚነቀንቀው።
አስካለ እባላለሁ። መዝገብ ቤት ጥግ ተቀምጬ
ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ፣ በጽሕፈት መኪና ላይ አቀርቅሬ አፍጥጬ
የሰው ደብዳቤ መታሁ፤ “ጉዳዩ”፣ “ግልባጭ”፣ “ከሰላምታ ጋር”፤
የራሴ አንድ መስመር ሳይኖር በዚያ ሁሉ ወረቀት ዳር።

ጡረታ ስወጣ ጣቶቼ ሥራ ፈቱ፤
በድስት ክዳን፣ በሶፋ ክንድ፣ በጉልበቴ ላይ ሲመቱ
ልጄ አይታ ታዝባ፣ ከሰው እጅ ኪቦርድ ገዛችልኝ።
ፋው አይጮኽም። አንድ ጥርሱ የለም፤ “እኔን መሰልክ” አልኩኝ።

ቅዳሜ ያፌት ይመጣል፣ በሃያ ሁለት ዓመቱ፣
ደረጃውን እየዘለለ፣ ሳያለከልክ ደረቱ።
“እትዬ፣ ስኬል መሰላል ነው፤ ገና ዜማ አይደለም፤
ጣት ሳይገራ ዘፈን የሚባል ነገር የለም።”
ዶ በአውራ፣ ሬ በሌባ፣ ሚ በመሀል ጣት ይነካና
አውራው ጎንበስ ብሎ ያልፋል በሥራቸው፣ ለፋ ደግሞ እንደገና።
አውራ ተብሎ ማጎንበስ፣ ለአውራ ጣት እንዴት ይከብዳል!
ትከሻዬን ይዞ ይነሳል፣ ክርኔን ይዞ ይወርዳል።
“ክርን ዝም!” ይላል ያፌት። “ዝም!” እላለሁ ለክርኔ፤
ስልሳ ዓመት ያዘዝኩት አካል እንግዳ ሆነ ለእኔ።
ሌባ ጣት ስሙን አላጣም፤ ጊዜ ይሰርቃል በመሀል፤
የቀለበት ጣት፣ ቀለበቱን ካወለቀ ወዲህ፣ ሰንፏል።

ውሃ በጠፋበት ሳምንት ጄሪካን ይዤ ስወጣ፣
ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሳልቆም እጅ ስቀይር፣ ነገሩ በድንገት መጣ፤
ይኸው ነው ለካ ያለኝ! ሸክም ሳያስቀምጡ እጅ መለወጥ፤
ውሃው እንዳይፈስ፣ የሚሰማውም ሰው እንዳይደነግጥ።

ሜትሮኖሙ ስልሳ ላይ ነው። እኔም ስልሳ ሞልቶኛል፤
ቋ፣ ቋ፣ ቋ። “እኩያዬ ነህ” እለዋለሁ፤ ይቀድመኛል።
ስልሳ ሦስት በሰኔ ዝናብ፣ ስልሳ ስድስት ፍልሰታ ላይ፤
ሰባ ሁለት የገባሁት በጥቅምት ውርጭ፣ በጠራ ሰማይ።
ጣቶቼ ሰባ ሁለት ናቸው፤ እኔ ገና ስልሳ አንድ፤
አረጁ አይባል፣ ፈጠኑ፤ እንዲህም አለ ለካ መንገድ።

መብራት ሲሄድ ኪቦርዱ ይሞታል፤ እኔ ግን አላቆምም።
ያኔ ነው ፋ ከወንድሞቹ እኩል የሚሆነው፤
ሁሉም ዝም፤ ሁሉንም በእኩል በልቤ የምሰማው።

ታች ያሉት ጋሽ ወልደየስ በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያ መቱ፤
“አሮጊት ፒያኖ ተማረች! ስምንተኛው ሺህ ደረሰ፣ ይኸውላችሁ ምልክቱ!”

ጋሽ ወልደየስ፣ ልክ ብለዋል። ስምንተኛው ጋ ነው ችግሬ።
ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ ብላ ታበቃለች ሀገሬ።
ሰባት ቤት፤ ከሆ በኋላ ሌላ መስመር፣ ሌላ ፊደል፤
ስኬል ግን ሲ ላይ ቢያቆሙት፣ አንድ እግሩን ደጃፍ ላይ አንጠልጥሎ “ግባ በሉኝ” የሚል።
ግማሽ እርምጃ ቀርቶታል። ትንሿ ጣት ትዘረጋለች፤
ዶ።
ያው የመጀመሪያዋ ናት። ያው ናት፤ ግን ከፍ ብላለች።

ያፌት ሰማ። ራሱን አንዴ ነቀነቀ። “ደህና” አለ፤ “በቃ፣
አሁን ግራ እጅ።” ግራዬ ከጭኔ ላይ እንደ እንቅልፋም ልጅ ነቃ።
ሜትሮኖሙን ዝቅ፣ ዝቅ አድርጎ አርባ ላይ አቆመው፤
ቋ …
ቋ …
በአርባ ዓመቴ ምን እሠራ ነበር? የማንን ደብዳቤ ነበር የምመታው?

ትንሿን ጣት ዶ ላይ አስቀመጥኩ።